የባሌን ምርቃት የዋጠው ዴክ

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው። ከሚሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቴሌቪዥንና ዴክ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ። የዕቃውን ነውር ጠየቅኩት፤ «የለበትም» ብሎ ሸጠልኝ። ዕቃ ይበላሻል፤ ጉልበቴም ተበላሽቷል፣ ማንንም አልከሰስኩበትም። እኔ የተከራከርኩት ዴኩ ስለተበላሸ አይደለም። ጠይቄ ስለተደበቀብኝ ነው።

ዴክ የምለው ሲዲ ጎርሶ በቴሌቪዥን የሚያሳየውን ዕቃ ነው። የልጅ ልጄ ዲቪዲ ትለዋለች። ዛሬ ወጣቱ ሁሉን ነገር በስልኩ ስለሚያይ ዴክ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የምፈልግበት ምክንያት ነበረኝ።

ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የከብት ደላላ ነበር። ከሚሴም፣ ጨፋ ሮቢትም፣ ባቲም ገበያ ያውቁታል። በሬ ሲያሻሽጥ መዳፉን በበሬው ጀርባ ላይ አሳርፎ ነውሩን ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። «ይሄ ግራ ጎኑን አያስነካም!» ይላል። «ይሄኛው ውኃ መሀል ይተኛል!» ሻጮቹ ይቆጡታል። አንዱ «አንተ ሰውዬ፣ የኔ ደላላ ነህ ወይስ የጠላቴ?» ሲለው፣ «የበሬው ነኝ» ብሎ መለሰለት። ነውሩ ተነግሮ የተገዛ ከብት አይመለስም። ነውሩ ተደብቆ የተሸጠ ግን ወር ቢቆይም ተመልሶ ይመጣል፤ ሻጩም ገበያው መሀል ቆሞ ያፍራል። እኔ በዚህ ሕግ ነው ያረጀሁት።

የመጀመሪያ ልጃችንን ስንድር ባሌ መረቀ። ምርቃቱን ዳስ ውስጥ ሆኖ ሲያወርደው እኔ ጓሮ ከድስቶቹ ጋር ነበርኩ። «አሚን» የሚለውን የሕዝቡን ድምፅ ነው የሰማሁት እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። ቃሉን የሰማሁት በኋላ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሲዲውን ሲያመጣልን ነው። ልጅቱን መረቀ፣ አማቹን መረቀ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ካሜራውን አየና ከልጁ የምትወለደውን፣ ገና ያልመጣችውን ልጅ መረቀ። ሴት ትሁን ወንድ ማን ነገረው? አላውቅም። እሱ ከሞተ በኋላ የተወለደችው ግን ሴት ናት። እኔ ጋ አደገች፤ በኦሮምኛ አያት ለማለት «አኮ» እያለች ትጠራኛለች። ዘንድሮ ኒካሕ ሊታሰርላት ቀን ተቆረጠ።

«አኮ፣ የአያቴን ምርቃት ሳልሰማ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች። እውነቷን ነው፤ ምርቃቱ የሷ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል። ሲዲውን ኮምፒውተር ያለው ልጅ ጋ ወሰድነው፤ ኮምፒውተሩ አላነበበውም፤ ተቧጭሯል አሉን። የድሮው ዴካችንም ሞቷል። እንግዲህ ዴክ ልገዛ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዴክ ተደርድሯል።

«ርካሹን አያንሱት እማማ፣ የልጅ መጫወቻ ነው» አለኝ ነጋዴው። «ውዱ ደግሞ ማይክ መሰኪያ አለው። እርስዎ አይዘፍኑበት!»

«ባለቤትህ ትዝፈንበት። መካከለኛውስ?»

«መካከለኛው ለእርስዎ ነው የተሠራው። የተቧጨረ ሲዲ ያነባል። ሌላው የተፋውን እሱ ይበላል።»

«ምን ነውር አለበት?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም! አይዋጋም፣ አይራገጥም።»

«ነውሩን ነው የጠየቅኩህ።»

«አብሽሩ። ነውር የለበትም» አለኝ።

እኔም አመንኩት። ጥፋቴ ይሄ ብቻ ከሆነ እቀበለዋለሁ።

መልካሙን ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም፤ ሚዛን አንድ ጎን ብቻ ካለው ሚዛን አይባልም። ዴኩ ሥዕሉ ጥሩ ነው። ድምፁ ከጓሮ ይሰማል። ኮምፒውተሩ ያላነበበውን የባሌን ሲዲ በመጀመሪያው ቀን አነበበው፤ ዳሱ ታየ፣ የሞቱ ሰዎች እየሳቁ ሲበሉ ታዩ። ምርቃቱ ጋ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ሲዲውን አወጣነውና «ለሰርጉ ዋዜማ ሁሉም ተሰብስቦ ያየዋል» ብለን አስቀመጥነው።

ሰርጉ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከዙህር በኋላ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ ልጅቱ ልቧ አልችል ብሎ ሲዲውን ከተተችው። ከሚሴን የሚያውቅ ያን ሰዓት ያውቀዋል፤ ዶሮ እንኳ ክንፏን ዘርግታ ጥላ ውስጥ ትተኛለች። ዴኩ ትንሽ አሳየና ቀጥ አለ። የመክፈቻውን ቁልፍ ተጫንን። ውስጡ እንደ ታመመ ሰው አጓራ፤ ሲዲ የሚቀመጥበት ምላሱ ግን አልወጣም። ደግመን ተጫንን። ያው ማጓራት ነው።

«አኮ፣ እየቧጨረው ነው!» አለችኝ። ከግድግዳው ነቀልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሰውነቴ አልረጋ አለ። ዴኩን አልጋዬ ላይ አስቀምጬ በነጠላ ሸፈንኩት። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ይነካብኛል እያልኩ እጮሃለሁ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጠዋለሁ፤ ምን እንደምሰማ ግን አላውቅም። ንጋት ላይ፣ ሱብሒ ከሰገድኩ በኋላ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቢስሚላህ ብዬ እሰካዋለሁ፤ ሲያጓራ ደንግጬ እነቅለዋለሁ። ምርቃቱን በቃሌ ለመያዝ ሞከርኩ። «ወደ ገባሽበት ቤት ጸብ አይከተልሽ» የሚለው ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋኝ። አብሬው ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ቃሉን አለመያዜ አስፈራኝ። ሲዲው ከተሰበረ እሱ የተናገረው ሁሉ እንዳልተነገረ ሊሆን ነው።

ዴኩን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ወደ ሱቁ ወሰድኩት። ሹፌሩን «ቀስ በል» ስለው «እማማ፣ እንቁላል ነው እንዴ?» አለኝ። «ከእንቁላል ይብሳል፣ አንተ ብቻ ጉድጓዱን እይ» አልኩት።

ነጋዴው ዴኩን ገለባበጠው። 

«አቧራ ገብቶበት ነው» አለኝ። «ያረጀ ሲዲም አጉርሰውታል።»

«አሮጌ ይበላል ብለህ አይደል የሸጥክልኝ?»

«ይበላል እማማ፣ ግን ልክ አለው። እኔ ልከፍተው አልችልም። ይቺ የተለጠፈች ወረቀት ከተቀደደች ዋስትናው ይቀራል። አዲስ አበባ ይላክ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ኢንሻአላህ በወር ውስጥ።»

«ሰርጉ በሚመጣው ሳምንት ነው።»

«ምን ላድርግ እማማ? እንዲህ ያለ ብልሽት ሲመጣብኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

ይህን ሲል ፊቴን አላየኝም። ዴኩን ይዤ ተመለስኩ።

የአንድ በሬ ነውር ሲያከራክር ባሌ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ ከዚያው በረት ሌላ ከብት የገዙትን ሰዎች እየዞረ ይጠይቅ ነበር። እኔም ያንን መካከለኛ ዴክ የገዙትን ፍለጋ ወጣሁ።

ጎረቤቴ አስተማሪ ናት። «ተመስገን፣ እኔ ተደስቼበታለሁ» አለችኝ። «የሪሞቱ ቁልፎች ጽሑፋቸው ቶሎ ይለቃል እንጂ ሌላ እንከን የለውም። ልጆቹ ትምህርት ያዩበታል።» መቼ መቼ እንደምትከፍተው ጠየቅኳት። ማታ ማታ ነው አለች።

በገበያ ቀን ከጨፋ ወገን ማሽላ ይዛ የመጣች ሴት አገኘሁ። እነሱ በሶላር ነው የሚያዩት፤ ባሏ መንዙማ ይወዳል። «ወላሂ ከልጆቼ ይሻላል፣ ሲጠሩት ይመጣል» ብላ አመሰገነችው። እሷም ፀሐይ ጠልቃ፣ ከመግሪብ በኋላ ነው የምትከፍተው። ለኔ ክርክር የሚጠቅም ነገር አላገኘሁም፤ ቢሆንም የሰማሁትን እንደሰማሁ እጽፋለሁ።

ቀኑን ሙሉ ዴክ የሚያስከፍት ማን እንዳለ ሳስብ የመናኸሪያው ሻይ ቤት ትዝ አለኝ። ባለቤቱ ጎልማሳ ነው። ዴኩን በሁለት ጡብ ላይ አቁሞ ቬንትሌተር ደግኖበታል።

«አከም ጅርቱ፣ እማማ?»

«ነገያ፣ አልሃምዱሊላህ። ይሄ ዴክህ ምን ሆኖ ነው ንፋስ የሚያስፈልገው?»

«እሱማ ጾመኛ ነው!» አለና ደንበኞቹን አሳቀ። «ቀን አፉን አይከፍትም። መግሪብ አዛን ሲል ይከፍታል። ሙቀት ሲነካው ውስጡ ያለው ላስቲክ ይለሰልሳል አሉ።»

«ማን አለህ?»

«ባለሱቁ ነዋ! ሲዲዬን ይዞብኝ ስመልስለት፣ ቀን አታስከፍተው ብሎ አስጠነቀቀኝ።»

«መቼ ነበር?»

«ረመዳን ውስጥ። ጾመኛ ያልኩትም ለዚያ ነው።»

እኔ የገዛሁት ከረመዳን ሁለት ወር ቆይቶ፣ ከዓረፋ በኋላ ነው። እንግዲያ ጠይቄው «የለበትም» ሲለኝ፣ እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው። «ይህን ሰው ፊት ትናገራለህ?» አልኩት። የሰውዬው ሳቅ ወዲያው ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛዬን መወልወል ጀመረ።

«እማማ፣ እባክዎ። ይህን ቤት ያከራየኝ አጎቱ ነው። ሁለት ሕፃናት አሉኝ።»

ተናደድኩ። ግን የኔን በደል ለማውጣት የሱን እንጀራ ብነጥቅ እኔም በዳይ እሆናለሁ። «ካንተ መስማቴን ከአፌ አይሰሙም» ብዬ ቃል ሰጠሁት። (አሁን የጻፍኩት ራሱ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው።) እውነቱን ይዤ፣ ምስክር ሳልይዝ ወደ ቤት ገባሁ፤ ካለማወቄ ይልቅ ማወቄ ባሰብኝ።

ልጅቱ ፊቴን አይታ «አኮ፣ ተይው በቃ» አለችኝ። «አንቺ መርቂኝ።»

«እኔ የራሴን እመርቅሻለሁ። የሱን ግን ማን ይስጥሽ?»

ስታለቅስ እንዳላያት ዞር ብላ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

በማግሥቱ ሐጂው ጋ ሄድኩ። የባሌ የገበያ ጓደኛ ነበሩ፤ ሰፈራችን ውስጥ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ በሱቁ በረንዳ ላይ ተቀመጥን፤ ሐጂው፣ እኔ፣ ልጅቱና ነጋዴው። ዴኩ መሀላችን ነው። እንደ ሁልጊዜው መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል። የሻይ ቤቱም ሰው ከሰዎቹ ኋላ ቆሟል፤ ዓይኑን ከአፌ ላይ አላነሳም።

«በደልሽን ተናገሪ፣ እህቴ» አሉኝ ሐጂው።

«ነውሩን ጠየቅኩት፣ የለበትም አለኝ። ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። የባለቤቴ ምርቃት ሆዱ ውስጥ ቀርቷል፤ ሰርጉ ደርሷል። ሌላ ነገር የለኝም።»

ነጋዴው ገብቶ በካርቶን የታሸገ አዲስ ዴክ ይዞ ወጣ። «እናቴ ናቸው፣ አልከራከራቸውም። ይህን ይውሰዱ። አሮጌውን እኔ እልከዋለሁ፤ ሲዲውም ሲወጣ ይደርሳቸዋል።»

ከቆሙት ሰዎች «ማሻአላህ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሐጂውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ፍትሕ ይመስለኛል።»

«ሐጂ፣ ዴክ አልቸገረኝም። የምፈልገው ሆዱ ውስጥ ያለውን ነው። አሁን ይክፈተው።»

«ስከፍተው ቢሰበርስ?» አለ ነጋዴው። «ነገ በኔ ሊያላክኩ ነው?»

ይህን እኔም ፈርቼ ነበር። ቢላክ ወር ይቆያል፣ ሰርጉም ያልፋል። ቢከፈት ዛሬውኑ ለዘላለም ሊጠፋ ይችላል። ልጅቱን አየኋት፤ የምርቃቱ ባለቤት እሷ ናት፣ እኔ ልወስንባት አይገባኝም።

«ይከፈት» አለች።

ሐጂው ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ይከፈታል። ከዚያ በፊት ግን የሴትዮዋ ክስ መልስ ይፈልጋል። ነውሩን አውቀህ ነው የደበቅክባት?»

«ሐጂ፣ ወላ—»

«አትማል!» አልኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ የታመመ መሆኑንም ረስቻለሁ። «እንዳትምል ልጄ። ከማልክ ሐጂ ይቀበሉሃል፣ እኔም ዝም ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። አንተ ግን ከማልክ ወዲያ የምትመለስበት መንገድ የለህም። መሐላህን አልፈልግም። ሲዲውን አውጣ፤ መልሱን ቆይተህ ትሰጠኛለህ።»

«አትማል» ባልለው ኖሮ በተጠየቀበት ምሎ ነፃ በወጣ ነበር። እኛ ዘንድ ከመሐላ በኋላ ጥያቄ የለም። ሐጂው ተገርመው አዩኝ፤ በበኩሌ ግን በሐሰት ያስማልኩትን ሰው ይዤ ከአላህ ፊት መቆም አልፈልግም።

ነጋዴው ወደ ውስጥ ገባ። ካቻቪቴ አመጣ። ወረቀቷን ቀደዳት። ብሎኖቹን ሲፈታ የትኛው የት እንዳለ አልፈለገም፤ ጣቱ ራሱ ያውቀዋል። ክዳኑ ተነሳ። ከግራ በኩል ያለች ቀጭን ጥቁር ላስቲክ ረግባ ወድቃለች። ሲዲው ዘንበል ብሎ በሁለት ብረቶች መካከል ተይዟል። ነጋዴው ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ልጅቱ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ይወጋኛል፣ አልተናገርኳትም። አንዱን ብረት በካቻቪቴው ጫፍ ቀስ ብሎ ገፋ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ያ ረቢ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ሲዲውን በሁለት ጣቱ አወጣው፤ ወደ ብርሃኑ አነሳው። ዙሪያውን አዲስ ጭረት አለበት፤ ግን ሙሉ ነው። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ላስቲክ ከሞላው ፌስታል ውስጥ ልክ እንደ ረገበችው ያለች አዲስ ላስቲክ መረጠና ገጠማት። ፌስታሉን አየሁት፤ ሐጂውም አዩት።

ሲዲውን መልሶ ከተተና ዴኩን በሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። ሥዕሉ ተቆራረጠ፤ የሰዎቹ ፊት እንደ ንጣፍ ሸክላ ተበታተነ። ቆመ። «በቃ» አልኩ በልቤ፣ «ጠፋ።» ከዚያ ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ ሥዕሉም ተከተለው። ባሌ ዳሱ መሀል ቆሟል። ልጃችንን መረቀ። አማቹን መረቀ። ቀና አለ።

«ከዚች ልጄ የምትወለጂ፣ ዓይኔ ያላየሽ» አለ። «ስትዳሪ ባልኖር፣ ይህን እንደ መኖሬ ቁጠሪልኝ። ወደ ገባሽበት ቤት ጸብ አይከተልሽ። ስትርቢ የሚያጎርስሽ አትጪ። ስታጠፊ የሚገሥጽሽ አትጪ። ፈርተሽ የምትዋሺበት ቀን አይምጣብሽ።»

የጠፋብኝ ይሄኛው ነበር። ልጅቱ ተንበረከከች። ምርቃት ሲወርድ ቆሞ የሚያይ የለም፤ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ሐጂው ዘረጉ፤ የሻይ ቤቱ ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ዘረጋ፤ ነጋዴውም ካቻቪቴውን መሬት ላይ አኑሮ ዘረጋ። «አሚን» አልን። ከዓመታት በፊት ከጓሮ የሰማሁትን ያንን «አሚን» አሁን እኔም ከሰዎቹ ጋር አልኩት።

ከሐጂውና ከሻይ ቤቱ ሰው በቀር ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። ልጅቱ ሲዲውን በሻርፗ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እኔ አልተነሳሁም።

«ልጄ» አልኩት ነጋዴውን፣ «መልሴ ቀርቷል። ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

ካቻቪቴውን አነሳና በእጁ አገላበጠው። የሻይ ቤቱን ሰው አላየውም፤ ሐጂውንም አላየም።

«አውቅ ነበር፣ እማማ» አለኝ። «አልከፍትም ያልኩትም ለወረቀቷ ብዬ አይደለም። ከእርስዎ በፊት የአንድ ሰው ሲዲ እዚሁ እጄ ላይ ተሰንጥቋል።»